ቤዝመንቱ 6.8 ወጣ፤ እናቴን ከዚያ ላስነሳት?

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። ጀርመንታውን፣ ሜሪላንድ የምትኖር እህታችን ከ3 ዓመት በፊት ቤት ገዝታለች። ጎረቤቷ ከቤቱ ጎን እስከ ጣሪያ የሚወጣ ነጭ ቱቦ ሲያስገጥም አየችና ምን እንደሆነ ጠየቀችው። “ለራዶን ነው፣ ከመሬት ወደ ቤት ለሚገባው ጋዝ” አላት። እሷም 20 ዶላር የማይሞላ መመርመሪያ ገዝታ ቤዝመንቷ ውስጥ አስቀመጠች። ላቦራቶሪ ላከችው፤ ውጤቱ በሊትር 6.8 ፒኮኩሪ (የጨረር መለኪያ ነው) ተብሎ መጣ። እዚያ ቤዝመንት ውስጥ ከአዲስ አበባ ከመጡ 8 ወር የሆናቸው እናቷ ከ4 ዓመት ልጇ ጋር ይተኛሉ። እናቷን ሰሞኑን ሳል ይዟቸዋል። ባለቤቷ ደግሞ “ይሄ የቢዝነስ ወሬ ነው፣ መስኮት ከፈት አድርጊ፣ ይበቃል” ብሏታል። እሱ ያጨሳል፣ ግን ውጪ በረንዳ ላይ ነው። “እናቴን ዛሬውኑ ላስነሳት? ወይስ ባለቤቴ እውነቱን ነው?” ትላለች።

እህቴ፣ መጀመሪያ የሚያስጨንቅሽን ልመልስ። ዛሬ ማታ እናትሽን ከአልጋቸው የሚያስነሳ ነገር የለም። 6.8 ግን ዝም ተብሎ የሚታለፍ ቁጥር አይደለም። ራዶን ሳንባ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት የሚጠራቀመው በዓመታት ነው፤ የ8 ወር ነገር ትንሽ ነው። ስለዚህ ተረጋግተሽ በሚቀጥሉት ሳምንታት ውስጥ ነገሩን መስመር አስይዢው። ላይ ፎቅ ትርፍ አልጋ ካለ ልጁን ለጊዜው ወደ ላይ ብታወጪው ደስ ይለኛል። እናትሽም ከፈለጉ አብረው ይውጡ። ደረጃ የሚከብዳቸው ከሆነ ግን እዚያው ይቆዩ፣ አታስጨንቂያቸው።

ሳሉን በተመለከተ፣ ራዶን ሳል አያመጣም። ራስ አያሳምምም፣ ዓይን አያቃጥልም፣ ምንም ምልክት የለውም። ሰውነታቸው ውስጥ ራዶን ገብቶ እንደሆነ ብሎ ሐኪም የሚያዝዘው የደም ምርመራም የለም። ሳላቸው ከሰነበተ በራሱ ምክንያት ሐኪም ይያቸው። ከዚህ ጋር አታያይዢው፤ አያይዘሽው ሌላ መታከም ያለበት ነገር እንዳይታለፍ እፈራለሁ።

አሁን ወደ ነገሩ እንግባ። ራዶን ጋዝ ነው። አይታይም፣ አይሸትም። የሚወጣው ከቤትሽ ስር ካለው አፈርና አለት ነው። አለት ውስጥ ጥቂት ዩራኒየም አለ። እሱ ቀስ እያለ እየተለወጠ ራዲየም ይሆናል፣ ራዲየሙ ደግሞ ራዶን ይሆናል። ራዶን በ3.8 ቀን ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል፤ ሲቀንስ ግን ፖሎኒየም የሚባሉ ቅንጣቶችን ትቶ ነው። እነዚህ ቅንጣቶች ከአቧራና ከጭስ ጋር ይጣበቃሉ፣ በትንፋሽ ሳንባ ውስጥ ይገባሉ፣ እዚያው ሆነው ጨረር ይረጫሉ። ጨረሩ ልብስና ቆዳ የሚያልፍ አይደለም። ቤዝመንት ያስቀመጥሽው በርበሬና ሽሮ ምንም አይሆንም፣ እሱን አትጣዪ። ችግሩ ሳንባ ላይ ብቻ ነው።

“አገር ቤት ስሙን እንኳ ሰምተነው አናውቅም” የሚሉኝ ብዙ ናቸው። እዚያም መሬቱ ራዶን ያወጣል። ግን እዚያ ብዙው ቤት በሩ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው፣ ሰውም መሬት ውስጥ በተቆፈረ ክፍል አይተኛም። እዚህ ቤቱ ግማሽ አካሉ አፈር ውስጥ ነው። በብርዱ ወራት ደግሞ ሁሉ ነገር ይዘጋና ማሞቂያው ይለኮሳል። ሞቃት አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ በጣሪያ በኩል ሾልኮ ሲሄድ ቦታው ባዶ አይቀርም፣ ቤቱ ከታች ከአፈሩ አየር ይስባል። በወለሉ ስንጥቅ፣ በቧንቧ ዙሪያ፣ በሳምፕ ፓምፑ (ከወለል ስር የሚጠራቀመውን ውሃ በሚያወጣው) ጉድጓድ በኩል ይገባል። ራዶኑም ከዚያ አየር ጋር ይመጣል።

ባለቤትሽን አልፈርድበትም። እዚህ አገር ጣሪያህን ላድስልህ፣ ሶላር ላስገባልህ እያለ በር የሚያንኳኳው ብዙ ነው፣ ሰው ቢጠራጠር እውነቱን ነው። የራዶን ነገር ግን የተጀመረው ከሻጭ አይደለም። በ1984 ዓ.ም. እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ታኅሣሥ ላይ፣ ፔንሲልቬንያ ውስጥ ሊመሪክ በሚባል ገና ሥራ ባልጀመረ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ የሚሠራ ስታንሊ ዋትራስ የሚባል ኢንጂነር የጨረር ማስጠንቀቂያውን በተደጋጋሚ ያስጮኸው ጀመር። ማሽኑ የሚጮኸው ሲወጣ ብቻ አልነበረም፣ ጠዋት ከቤቱ መጥቶ ሲገባም ይጮህ ነበር። ተጣርቶ ሲታይ ጨረሩን ይዞ የሚመጣው ከገዛ ቤቱ ነው። ቤቱ ሲለካ በሊትር 2,700 ፒኮኩሪ ገደማ ተገኘ። ያንቺ 6.8 ማለት በዚያው መለኪያ ነው። ቤቱን አስተካክለውለት ከነቤተሰቡ ተመልሶ ገባበት። አሜሪካ ስለ ቤት ውስጥ ራዶን አጥብቃ ማሰብ የጀመረችው ከዚያ ወዲህ ነው።

ቁጥሩን እንየው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ፣ ኢፒኤ፣ 4 እና ከዚያ በላይ ከሆነ አስተካክሉ ይላል። ከ2 እስከ 4 ባለውም ማስተካከሉን አስቡበት ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት መስመር ደግሞ ዝቅ ያለ ነው፤ በኢፒኤ መለኪያ ሲመታ 2.7 ላይ ይወድቃል። ውጪ ያለው አየር 0.4 ገደማ ነው፣ የአሜሪካ ቤቶች አማካይ 1.3 ገደማ። እንግዲህ 6.8 ከአማካዩ 5 እጥፍ ነው። በኢፒኤ ግምት በዚህ አገር በየዓመቱ 21,000 ያህል ሰው ከራዶን በሚመጣ የሳንባ ካንሰር ይሞታል። ከሲጋራ ቀጥሎ ሁለተኛው የሳንባ ካንሰር መንስኤ እሱ ነው።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ላንቺም ለባለቤትሽም ልበላችሁ፣ በወንድምነት። እናንተ የምትጨነቁት ለእናትሽና ለልጁ ነው። በቁጥሩ ስናየው ግን እዚያ ቤት ውስጥ አደጋው ከሁሉም በላይ የሚከብደው ባለቤትሽ ላይ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ 4 ባለበት ቤት ከኖሩ 1,000 ሰዎች መካከል፣ አጭሰው የማያውቁ ከሆኑ ወደ 7 የሚሆኑት የሳንባ ካንሰር ሊይዛቸው ይችላል። የሚያጨሱ ከሆኑ ግን ወደ 62 ይደርሳል። በረንዳ ላይ ማጨሱ ለናንተ ጥሩ ነው፣ ለእሱ ሳንባ ግን ለውጥ የለውም። ሲጋራውና ራዶኑ አንድ ሳንባ ላይ ሲገናኙ እንዲህ ነው የሚባዙት። ይህን ክፍል አንብቢለት። ቢቆጣም አንብቢለት።

መስኮት መክፈት ይበቃል ላለው፣ ሲከፈት እውነትም ይቀንሳል። ሲዘጋ ግን በ12 ሰዓት ገደማ ውስጥ ወደነበረበት ይመለሳል። ጥር ላይ ሌሊቱን ሙሉ መስኮት ከፍቶ የሚተኛ ሰው የለም። በዚያ ላይ የላይኛውን ፎቅ መስኮት ብቻ ከከፈታችሁ ቤቱ ከታች የበለጠ ሊስብ ይችላል።

ከዚህ ቀጥሎ የማወራው እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ነው። መመሪያዎቹ “ሰው የሚኖርበትን ዝቅተኛውን ወለል ለኩ” ይላሉ። ብዙ የዚህ አገር ሰው ቤዝመንቱ ባዶ ነው፤ ሳጥንና የገና ጌጥ ነው ያለበት፣ ስለዚህ አንደኛ ፎቅ ይለካል። እኛ ጋ ግን ቤዝመንት ባዶ ሆኖ አያውቅም። ከአገር ቤት የመጣች እናት እዚያ ናት። አዲስ የመጣ ወንድም ሥራ እስኪይዝ እዚያ ነው። ዴይኬር የከፈተች እህት የሰው ሕፃናት ይዛ ቀኑን ሙሉ የምትውለው እዚያ ነው። ምጣዱም እዚያ፣ ማኅበሩም እዚያ። በ14 ዓመት የራዶን ሥራዬ የኛ ሰው ቤት ገብቼ ሰው የማይኖርበት ቤዝመንት ያየሁት ጥቂት ነው። ብዙ ራዶን ያለበት ወለልና ብዙ ሰዓት የምንውልበት ወለል አንድ ሆኗል ማለት ነው። ስለዚህ የምንለካው ቤዝመንቱን ነው። ሪልተር (ቤት አሻሻጭ) ወይም ዘመድ “ቤዝመንት እኮ አይቆጠርም” ቢልሽ እንዳትሰሚ።

አሁን ያንቺን 6.8 እንመርምረው፣ ምክንያቱም ለጥቂት ቀን የተቀመጠች አንዲት ቆርቆሮ (ከሰል ያለባት መመርመሪያሽ) ልትሳሳት ትችላለች። የት ነበር ያስቀመጥሻት? ስንት ቀን ቆየች? መስኮት ተዘግቶ ነበር? ወዲያው ላቦራቶሪ ላክሻት ወይስ መኪና ውስጥ ሳምንት ሰነበተች? ከሰሉ የያዘው ራዶን እየጠፋ ስለሚሄድ ዘግይቶ የሚደርስ ውጤት አያስተማምንም።

አንድ ቤት ያየሁትን ላጫውትሽ። ቆርቆሮዋን “የምተኛበት ክፍል ጠረጴዛ ላይ ነው ያስቀመጥኳት” ያለኝ ልጅ ነበር፤ ሁለት ቀን ቆይቼ ሄጄ ሳይ የለችም። ቤቱ ተፈለገ። እናቱ ናቸው ያነሷት። አፏ ክፍት ስለሆነ አቧራ እንዳይገባባት ብለው በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው ቁምሳጥን ውስጥ አስቀምጠዋታል። ውጤቱ 1.1 ነበር የመጣው። እንደገና ስንለካው 7.4 ሆነ። እኚያ እናት ለቤቱ ንብረት ተጠንቅቀው ነው። ጥፋቱ ያልነገራቸው ሰው ላይ ነው። ስለዚህ እናትሽን አስቀድመሽ አስረጃቸው፤ “እማዬ፣ ይቺ ዕቃ አየሩን ነው የምትለካው፣ እንዳለች ትቀመጥ፣ ሰውም ልጅም አይንካት” በያቸው። በአማርኛ ወረቀት ጽፈሽ አጠገቧ ብትለጥፊ ደግሞ የበለጠ ነው።

ሁለተኛውን እንዲህ አድርጊው። ውጤትሽ 8 እና ከዚያ በላይ ቢሆን ኖሮ ወዲያው ሌላ የአጭር ጊዜ መመርመሪያ ነበር የምልሽ። ከ4 እስከ 8 ባለው መካከል ከ90 ቀን በላይ የሚቆየውን የረጅም ጊዜ መለኪያም መጠቀም ይቻላል፤ እንዲያውም የዓመቱን እውነት የሚያሳየው እሱ ነው። አንቺ ግን አሮጊት እናትና ሕፃን ልጅ እዚያ ስለሚተኙ ሦስት ወር መጠበቁን አልመርጥልሽም። ሌላ የአጭር ጊዜ ግዢ። በካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በኩል ያለው የራዶን አገልግሎት በቅናሽ ይሸጣል፣ የቤት ዕቃ መደብሮችም አላቸው።

ቆርቆሮዋ ከመከፈቷ 12 ሰዓት ቀደም ብሎ የሙሉ ቤቱ መስኮት ይዘጋ፣ የላይኛውም ጭምር። ልኬቱ እስኪያልቅም እንደተዘጋ ይቆይ። ወጥቶ መግባት ችግር የለውም፤ በሩ ክፍት ሆኖ አይቅር ነው። ማሞቂያውም ማቀዝቀዣውም እንደወትሮው ይሥራ።

የኛ ቤት ችግር የሚመጣው እንጀራ ጋ ነው። ቤዝመንት ምጣድ ካላችሁ መስኮት ሳይከፈት ወይም የጭስ መሳቢያው ሳይበራ አይጋገርም። መስኮት ከተከፈተ ቁጥሩ ዝቅ ይላል። መሳቢያው ለሰዓታት ከሠራ ደግሞ ከቤቱ አየር ስለሚያወጣ ከአፈሩ የበለጠ ሊስብና ቁጥሩ ከፍ ሊል ይችላል። ሁለቱም ያታልሉሻል። ስለዚህ እሑድ ጋግራችሁ ጨርሱ። ዕጣኑም ቡናውም ለዚያች ሳምንት ላይ ፎቅ ይሁን፣ ጭሱን ለማስወጣት መስኮት የሚከፍት ሰው እንዳይኖር። እሑድ ማታ መስኮቱን ዝጊ። ሰኞ ጠዋት፣ መስኮቱ ከተዘጋ 12 ሰዓት ሲሞላው፣ ቆርቆሮዋን ክፈቺና እናትሽ በሚተኙበት ክፍል አስቀምጫት። ከወለል ቢያንስ 50 ሳንቲ ሜትር ከፍ ትበል፣ ከመስኮት፣ ከውጪኛው ግድግዳና ከማሞቂያው ራቅ ትበል። መታጠቢያ ቤት፣ ኩሽና፣ ልብስ ማጠቢያው ጋ አይሆንም፣ እርጥበት ያበላሻታል። የከፈትሽበትን ሰዓት ጻፊ። ወረቀቱ የሚለውን ያህል ቀን ስትቆይ አሽጊና በዚያው ቀን ፖስታ ቤት አድርሻት። ኃይለኛ ዝናብና ነፋስ ይመጣል ከተባለ ሳምንቱን አሳልፊው።

ሁለተኛው ሲመጣ ደምረሽ ለሁለት ትካፈያለሽ። አማካዩ 4 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ራዶኑን የሚያስወጣ ቱቦ ታሠሪያለሽ። ከ200 ዶላር በታች የሚገኙ ዲጂታል መለኪያዎችም አሉ፣ ጥሩ ናቸው፣ ግን በየሰዓቱ እያየሽ አትደንግጪ፤ ሌሊትና ቀን በጣም ይለዋወጣል፣ የሚታየው የሳምንታት አማካይ ነው። ጣሪያ ላይ ያለው የጭስና የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ራዶንን አያውቀውም። የአየር ማጽጃ ማሽንም ጋዙን አያወጣውም። የጎረቤትሽ ቁጥር ያንቺን አይናገርም፤ ግድግዳ የሚጋሩ ሁለት ቤቶች እንኳ ሊለያዩ ይችላሉ።

እግረ መንገድሽን የቤት ግዢ ወረቀቶችሽን ፎልደር አውጪ። ጀርመንታውን ሞንጎመሪ ካውንቲ ነው፣ ካውንቲው ደግሞ ኢፒኤ ከፍተኛ ከሚላቸው ቦታዎች ውስጥ ነው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከጥቅምት (ኦክቶበር) 1 ቀን 2016 ጀምሮ እዚያ ለአንድ ቤተሰብ የሆነ ቤት ሲሸጥ የራዶን ምርመራ እንዲደረግና ውጤቱ ለገዢ እንዲሰጥ ሕግ አለ፣ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ቢኖሩትም። ሻጩ እንዲያስተካክል ግን አያስገድድም። ከፈረምሽው ክምር ወረቀት መካከል የዛሬ 3 ዓመት ቁጥር ሊኖር ይችላል። እንግሊዝኛው በተቆለለበት ቀን ማን አንብቦት? እኔም የመጀመሪያ ቤቴን ስገዛ እንዲያው ነው የፈረምኩት። አሁን ግን ፈልጊው፣ ሦስተኛ ማስረጃ ይሆንሻል። በዚያው ካውንቲ ቤዝመንት የሚከራዩ ሰዎችም ይህን ካነበባችሁ፣ አከራዩ የራዶን ውጤት እንዲያሳያችሁ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ማሠሩ እንዴት ነው? ወለሉን ሰርስረው ከስር ቱቦ ያስገባሉ። ቱቦው ላይ ሌሊትም ቀንም የሚሠራ ፋን ይገጠማል። ፋኑ የአፈሩን አየር ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ይስብና ከጣሪያ በላይ ይተፋዋል። ያ ነው የጎረቤትሽ ነጭ ቱቦ። የሳምፑ ጉድጓድም አየር በማያስገባ ክዳን ይታሸጋል። ብዙ ጊዜ በአንድ ቀን ያልቃል፣ ዋጋው ደግሞ ከ1,000 እስከ 2,500 ዶላር ባለው ውስጥ ነው የሚወድቀው። ስንጥቅ በሲሊኮን መድፈን ብቻውን አይበቃም፣ ቀለም መቀባትም እንደዚያው፤ ለዚህ ብቻ ገንዘብ የሚጠይቅሽ ካለ አትክፈዪ።

ቢያንስ ከሁለት ቦታ ዋጋ አስጠሪ። የኤንአርፒፒ ወይም የኤንአርኤስቢ (የራዶን ባለሙያዎችን ብቃት የሚያረጋግጡ ድርጅቶች ናቸው) ሰርተፍኬት እንዳለው ጠይቂ። የሚለካውና የሚሠራው አንድ ሰው ባይሆን ይመረጣል። አንድ ነገር ራስሽ ተመልከቺ፦ ፋኑ ቤዝመንት ውስጥ እንዳይገጠም። አንድ ቤት ፈርነሱ (የቤቱ ማሞቂያ) አጠገብ ገጥመውት አግኝቻለሁ። ከፋኑ በላይ ያለው ቱቦ ቢያፈተልክ የተጠራቀመው ራዶን ተመልሶ የሚነፍሰው ሰው ላይ ነው። ቦታው ውጪ ነው፣ ወይም ጣሪያ ስር ኮርኒስ ላይ።

ከተገጠመ በኋላ ቱቦው ላይ የዩ ቅርጽ ያላት ቀጭን ማሳያ ታያለሽ፣ ባለ ቀለም ፈሳሽ አለባት። አንዱ ጎን ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ካለ ፋኑ እየሳበ ነው። ሁለቱ እኩል ከሆኑ ፋኑ ቆሟል። ይህን ለእናትሽ አሳያቸው። ቀኑን ሙሉ እዚያ የሚውሉት እሳቸው ናቸው፣ ካንቺ ቀድመው ያዩታል። ፋኑ መሥራት ከጀመረ 24 ሰዓት ካለፈው በኋላ፣ ወር ሳይሞላው ግን፣ እንደገና ለኪ። ከዚያ በየሁለት ዓመቱ። ብዙ ቤት ከ2 በታች ይወርዳል፣ ያንቺም የማይወርድበት ምክንያት አይታየኝም።

ለአሁኑ ሁለት ነገር አድርጊልኝ። የሳምፑ ጉድጓድ ክዳን እንዳለው ወርደሽ እይው፤ ብዙ ጊዜ ደረጃው ስር ወይም ፈርነሱ ክፍል ጥግ ላይ ነው። የመጀመሪያዋ ቆርቆሮ የት እንደነበረችና መስኮት ተከፍቶ እንደነበረ ደግሞ ጻፊልኝ። ሁለተኛው ውጤት ሲመጣ ከዋጋ ማቅረቢያዎቹ ጋር ላኪው፣ አብረን እናየዋለን።